ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

ወደ ኮረብታው እንድንወጣ የታዘዝነው ልብሳችንን አጥበን ድንጋይ ላይ ባሰጣንበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሃምሳ አለቃ ኦቲስ መጣና «ያሰጣችሁትን ሰብስቡ፤ እንወጣለን» አለን። አንዱ ልጅ ገና አልደረቀም ቢለው «ላይ ነፋስ አለ፤ እዚያ ይደርቅልሃል» ብሎት አለፈ። እርጥቡን ጠቅልለን ቦርሳችን ውስጥ ከተትን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉዞ ጀመርን።

አገሩ አፍጋኒስታን ነው። ጦሩ የአሜሪካ ጦር ነው። እኔ ደግሞ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር የተወለድኩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ከድሬዳዋ በሥራ መጥቶ እዚሁ ወልዶ ከብዶ ቀረ። እኔ በሃያ ዓመቴ ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ገባሁ። እዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትንሽ ከሠራሁ በኋላ ለጦሩ ፈረምኩ። ወታደር የሆነ ሰው ዜግነት ቶሎ ያገኛል ስላሉኝ ነው የፈረምኩት። ጀግንነት አልነበረም፤ ይህን ከመነሻው መናገር ይሻላል።

ስለዚያ ኮረብታ ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። አሁን እንድጽፍ ያደረገችኝ ልጄ ሳሮን ናት። ሳሮን አሜሪካ ተወልዳ ከእናቷ ጋር እዚያው ትኖራለች፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትጨርሳለች። ረቡዕ ዕለት ደወለችና «አባዬ፣ ጦር ልገባ ነው» አለችኝ። ትምህርት ቤታቸው የመጣ መልማይ፣ ልጁ ወታደር የሆነች አባት ወደ አሜሪካ ለመመለስ መንገዱ እንደሚቀልለት ነግሯታል። «እኔ ከፈረምኩ አንተ ትመጣለህ» አለች። ድምፅዋ ደስታ ነበረበት። እንዴት ከዚያ አገር እንደወጣሁ በደንብ አታውቅም፤ እኔና እናቷ «የወረቀት ችግር» እያልን ነው ያሳደግናት። እስከ እሑድ እንዳትፈርሚ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

አሁን የምኖረው ካርቲየ 6 ነው። ኤሲ እጠግናለሁ። በዚህ ሙቀት ሥራ አይጠፋም፤ ሰዉ ከምሳው በፊት ስለ ኤሲው ነው የሚጨነቀው። የሰፈሩ ሰው «አሜሪካዊው» ይለኛል። እዚያ ሳለሁ አሜሪካዊ ነህ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ስሙን ያገኘሁት ተባርሬ ከመጣሁ በኋላ ነው። ወደ የመን ሊሻገሩ ከኢትዮጵያ የመጡ ያገሬ ልጆች አንዳንዴ ሱቄ በር ላይ ጥላ ፍለጋ ይቀመጣሉ። «ጋሼ፣ እውነት አሜሪካ ነበሩ?» ይሉኛል። «ነበርኩ» እላለሁ። «ታዲያ ምን አመጣዎት?» ሲሉኝ ውኃ ቀድቼ እሰጣቸዋለሁ።

ወደ ኮረብታው ልመለስ። በካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። እኛ «ጥርስ» እንለው ነበር፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሹል ድንጋዮች ነበሩት። ሥራችን ከሥር የሚያልፈውን መንገድ መጠበቅ ነው። ምሽግ ቆፈርን። አፈሩ ከድንጋይ የማይሻል ስለነበር ከረጢት የምንሞላው ከሥር አሸዋ እየተሸከምን ነበር። ቀን ቀን ያቃጥላል፣ ሲመሽ ያንቀጠቅጣል።

በመቶአችን ውስጥ ጠላትን «ሐጂ» ብለው የሚጠሩ ብዙዎች ነበሩ። እኔንም «ሐጂ» ይሉኛል። ማተቤን አሳይቼ ክርስቲያን ነኝ ብላቸው «ይሄ ደግሞ የምን ክታብ ነው?» ይሉኝ ነበር። በሬዲዮ «ሐጂ መንገዱ ላይ ታየ» የሚል ሲመጣ ወደኔ ዞረው የሚስቁ አሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ምን ላድርግ? በማግሥቱ ጀርባዬን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

የመቶ አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከሥር ባለው መንደር ሽማግሌዎች ባገኘን ቁጥር «ና፣ አንተ አነጋግራቸው» ይለኛል። አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ፈረንሳይኛና የጅቡቲ ዓረብኛ እችላለሁ። የእነሱን ቋንቋ ግን ከየት ላምጣው? ይህን ብነግረው «ቢያንስ ሞክር» አለኝ። አንድ ቀን በዓረብኛ ሰላምታ ሰጠኋቸው። አዛውንቱ በደስታ እጄን ይዘው ብዙ ነገሩኝ፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። የመቶ አለቃው «ምን አሉ?» ሲለኝ «ሰላምታ ነው» አልኩት። ይህን ሁሉ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

የልብ ጓደኛዬ ሩበን ነበር። ሜክሲኮ ተወልዶ እናቱ በልጅነቱ አሜሪካ ያስገባችው የመትረየስ ተኳሽ። እኔ ረዳቱ ነበርኩ፤ ዝናር አቀብለዋለሁ። እሱም እንደኔ መኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት አልነበረውም። እናቴ ከጅቡቲ የላከችልኝን በርበሬ በታሸገው ምግባችን ላይ ነስንሰን እንበላ ነበር። ሩበን እያለቀሰ ይበላና «የእናቴ ይበልጣል» ይላል። ማመልከቻችንን ያስገባነው በአንድ ቀን ነው። «ቀድሞ ዜጋ የሆነ ይጋብዛል» ተባባልን። የጣት አሻራ እንድንሰጥ የተቀጠርንበት ቀን ግን እኛ ጥርስ ላይ እያለን አለፈ። ለመቶ አለቃው ብንነግረው «ስንወርድ ይስተካከላል» አለን። ሩበን ወደ ሸለቆው እያየ «ይጠብቁን፤ የትም አንሄድ» አለ።

ጥቃቱ የተከፈተው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው መጡ። የመጀመሪያው ሮኬት የሬዲዮ ምሽጉን መታ። የሬዲዮ ሠራተኛው እዚያው ሞተ። እኔና ሩበን የምሥራቁን መትረየስ ይዘን ነበር። ብርሃኑ ዓይናችን ውስጥ ስለነበር ሰው አይታየንም፤ የአፈሙዝ ብልጭታ እያየን እንተኩሳለን። «ዝናር» ይለኛል፤ አቀብለዋለሁ። «ዝናር» ይለኛል፤ አቀብለዋለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም።

በስተግራችን ያለው ምሽግ ዝም አለ። ሃምሳ አለቃ ኦቲስ በደረቱ እየተሳበ ደረሰና «ግራው ክፍት ነው፤ መትረየሱን አዙሩ» አለን። ለማዞር ከከረጢቱ በላይ ብቅ ማለት ግድ ነው። ሩበን አቅፎ አነሳው። አዞረው። አንድ ረድፍ ተኮሰ። ከዚያ አንገቱ ሥር ተመታ። ልይዘው ስል በክንዱ ገፋኝና «ተኩስ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ተኮስኩ። ማንን እንደመታሁ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ እንጃለት። ሃምሳ አለቃው ራሱ ዝናር ያቀብለኝ ነበር። ረፋዱ ላይ ሄሊኮፕተሮች መጡ። ተኩሱ ሲቆም ዞሬ አየሁት። ሩበን ከሞተ ቆይቶ ነበር። እግሩ እግሬን ነክቶ ነው የተኛው፤ መቼ እንዳለፈ ግን አላወቅኩም።

የሦስት ሰው አስከሬን አወረድን፤ የሬዲዮ ሠራተኛውን፣ ከግራው ምሽግ አንዱን፣ ሩበንን። ከጦር ሰፈሩ ስንደርስ እንደ ጦሩ ልማድ የሦስት ሰው ጫማ፣ ጠመንጃና የራስ ቁር ተደረደረ። ተሰለፍን። ሃምሳ አለቃ ኦቲስ ስም መጥራት ጀመረ። የሁላችንም ስም ይጠራል፤ በሕይወት ያለ ሰው «አለሁ፣ ሃምሳ አለቃ» ይላል። የሞተው ስም ጋ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ይጠራዋል። መጀመሪያ በአጭሩ፣ ቀጥሎ ከእነ ቤተሰቡ ስም፣ ሦስተኛ ከእነ ማዕረጉ። የሚመልስ የለም። ያን ዝምታ ያልሰማ ሰው ስለ ጦርነት ባያወራ እመርጣለሁ። የኔ ስም ከሩበን ቀጥሎ ነበር። «አለሁ» ያልኩት በስንት መከራ ነው።

አሜሪካ ስንመለስ ለሩበን ቀብር እናቱ ከተማ ሄድኩ። እናቱ ራሷ መኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በበዛ ቁጥር ክንዴን ትጨብጣለች፤ የልጇን ሣጥን ሳይሆን መውጫ በሩን ነበር የምታየው። የተጣጠፈ ባንዲራ ሰጧት። ቆይቶ ደግሞ ሩበን ከሞተበት ቀን ጀምሮ ዜጋ መሆኑን የሚናገር ወረቀት መጣላት። ቀድሞ ዜጋ የሆነው እሱ ነው። እኔ የጣት አሻራ ቀጠሮ ስላለፈኝ ከአዲስ ጀምር ተባልኩ። በዚያን ጊዜ ሳሮን ተወልዳለች፣ ሁለት ሥራ እሠራለሁ። ነገ ዛሬ ስል ቀረ። መኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ጦር ሜዳ ውዬ መጥቻለሁ፣ ማን ይነካኛል እል ነበር።

አንደኛው ሥራዬ ያው የድሮው መኪና ማቆሚያ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ አንድ ሰውዬ መኪናዬ ዘገየብኝ ብሎ ጮኸብኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። አጠራሬን እያስመሰለ ሳቀብኝ። «ወደመጣህበት አገር ሂድ» አለኝ፤ ይህን ለምጄዋለሁ። ከዚያ በራሴ ላይ ያደረግኩትን የጦር ክፍሌን ቆብ አየና «ይህን ከማን ሰረቅከው?» ብሎ በእጁ መትቶ ጣለው። ገፋሁት። ሲሚንቶው ላይ ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። ቆቡን አነሳሁ፤ አምቡላንስም የጠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ያገሬ ሰው ሁሉ ያደርገው ነበር። ሰው ሰብረሃል፤ ጥፋቱ የሱም ቢሆን አጥንት ተሰብሯል። ሽማግሌ ይላካል። በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸውን ጋሽ መንግሥቱንና ጋሽ በቀለን ለመንኩ፤ የንስሐ አባቴም «እኔም እመጣለሁ» አሉኝ። ባለቤቴ፣ የሳሮን እናት ሕይወት፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለች። ብርቱካንም ገዛን። ቅዳሜ ጠዋት የሰውየው ቤት ሄደን፣ እነሱ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ፤ እኔ እንደ በዳይ ከኋላ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ መንግሥቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣን» እያሉ አንኳኩ። መጋረጃው ተገለጠና ተዘጋ። እኛ በአገራችን ደንብ ሰው ቶሎ እንደማይታረቅ ስለምናውቅ ዝም ብለን ቆመን ጠበቅን። እንዲያውም ጋሽ በቀለ «መቆማችንን ሲያይ ልቡ ይራራል» አሉኝ።

የመጡት ፖሊሶች ናቸው። ሁለት መኪና። ከመኪናቸው በር ኋላ ሆነው ሽጉጥ አወጡ። እጅ ወደ ላይ ተባልን። ሁላችንም አነሳን። አባ ግን በእጃቸው የእጅ መስቀል ይዘዋል። «የያዝከውን ጣል» ብሎ አንዱ ጮኸ። አባ አልገባቸውም። «ጣል» አለ በድጋሚ። ነገርኳቸው። አባ ደግሞ መስቀል መሬት ላይ እንደማይጣል ነገሩኝ፤ በእርጋታ ነው የነገሩኝ፣ እኔ የማላውቀው ይመስል። የፖሊሱን ጣት አየሁ። ልጅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ጣት ጥርስ ላይ አይቻለሁ፤ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ኮረብታው ላይ ያልፈራሁትን ፍርሃት ያን ጊዜ ፈራሁ።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «ዳቦው ላይ ያስቀምጡት።» ዳቦው ደጃፉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ነበር። አባ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። መስቀሉን ነጩ ጨርቅ ላይ አኖሩት። ከዚያ ሁላችንም ሣሩ ላይ በሆዳችን ተኛን። ጋሽ መንግሥቱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ፊታቸው ወደኔ ዞሮ ነበር። «ልጄ፣ ምን አጠፋን?» አሉኝ። 

ሽማግሌዎቹን በዚያው ቀን ለቀቋቸው። እኔ ግን ሁለት ክስ ቀረበብኝ። አንዱ ሰው መጉዳት ነው። ሌላው የባሰው፣ ግብረ አበር ይዞ ሄዶ ምስክር ማስፈራራት ነው። ዓቃቤ ሕጉ የዳቦውን ፎቶግራፍ ለዳኛ አሳየ። ዳቦውንና ብርቱካኑን በማስረጃነት ወስደውት ነበር። ሣር ላይ የተኙትን አዛውንቶች ያየ ሰው ማን ማንን እንዳስፈራራ ሊጠፋው አይችልም፤ ግን እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። መንግሥት የሰጠኝ ጠበቃ «ጥፋተኛ ነኝ በል፤ እስር የለውም፤ ማታ ከልጅህ ጋር ራት ትበላለህ» አለኝ። እኛም ዘንድ እኮ ያጠፋ ሰው አጥፍቻለሁ ይላል፤ ይሳሳማል፣ ያልቃል። ቆሜ «ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። በእርግጥም ያን ማታ ከሳሮን ጋር ራት በላሁ። ያ ቃል ዜጋ ያልሆነን ሰው ከአገር እንደሚያስወጣው የነገረኝ አልነበረም።

ከወራት በኋላ ጠዋት ሳሮንን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ የኢሚግሬሽን ሰዎች በር ላይ ጠበቁኝ። የሳሮንን ቦርሳ ይዤ ነበር፤ ለእናቷ አቀበልኳት። ሳሮን ያኔ አምስት ዓመቷ ነው።

ችሎቱ ላይ ሃምሳ አለቃ ኦቲስ ስድስት ሰዓት መኪና ነድቶ መጣልኝ። ኦቲስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ አያት ቅድመ አያቱ እዚያ የተቀበሩ። ደንብ ልብሱን ከነሜዳዩ ለብሶ ቆመና «ይህ ሰው ከሞተ ጓደኛው ጎን መትረየስ ይዞ መቶአችንን አትርፏል» አለ። ዳኛዋ በትሕትና አዳመጠች። ስለ አገልግሎቴ አመሰገነችኝ። ሕጉ እጄን አስሮኛል አለችና ፈረመች። በመተላለፊያው ኦቲስን ለአፍታ አገኘሁት። «እኔ እዚሁ ተወልጄ» አለኝ፣ «ዛሬ ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ አስቁመው መኪናው የማን ነው አሉኝ። በዚህ ልብስ።» ከዚያ ሰላምታ ሰጠኝ። እጄ በሰንሰለት ስለታሰረ አልመለስኩለትም።

ከአውሮፕላን ጅቡቲ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እናቴ በሕይወት ነበረች። አቀፈችኝና «መቼ ትመለሳለህ?» አለችኝ። ለእረፍት የመጣሁ መስሏት ነበር። እስክታርፍ ድረስ እውነቱን አልነገርኳትም።

እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ሳሮን ደወለች። ባሕሩ ዳር ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩና እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ዳቦው ነው።

«ሰውየው ጭራሽ አልቀመሰውም?»

«አልቀመሰውም።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ሰው ብበድል ይቅርታ አልጠይቅም?»

«መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቂ» አልኳት። ለገዛ ልጄ ይህን መምከሬ አንገበገበኝ። እንዴት ያለ ምክር ነው? እኔን አባቴ እንዲህ አላሳደገኝም።

«ሩበን ግን ዜጋ ሆነ» አለች ቆይታ።

«ሆነ። ስሚኝ ሳሮን። ከጥርስ ሦስት ሰው ሞቶ ወረደ። ከመትረየሱ ኋላ ደግሞ ሁለት ስደተኞች ነበርን። አገሪቱ የተቀበለችው የሞተውን ነው፤ የተረፍኩትን መለሰችኝ። አንቺ ዜጋ ነሽ፣ አንቺን አትመልስሽም። ግን እኔ እንድመጣ ብለሽ ስምሽ በዚያ ሰልፍ ላይ እንዲጠራ አልፈልግም። እዚሁ ብቀር ይሻለኛል። መልማዩ የነገረሽ እውነት ቢሆን እንኳ አልፈልግም።»

 በስልኩ ውስጥ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ይሰማኛል። በኔ በኩል ደግሞ እዚህ ጅቡቲ የሰፈሩት የአሜሪካኖቹ ሄሊኮፕተር ከባሕሩ ተነስቶ ወደ ጦር ሰፈራቸው አለፈ። ድምፁን ስሰማ አሁንም ቀና እላለሁ።

«እሺ አልፈርምም» አለች። እያለቀሰች ነበር። «ታዲያ በምን ትመጣለህ?»

ይህን ጥያቄ ከረቡዕ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ጽፌ ጽፌ እሱ ጋ ስደርስ ነው ሁልጊዜ የማቆመው።  እንባዬ መጣ፤ እንድትሰማኝ ስላልፈለግኩ ስልኩን ከአፌ አራቅኩት።

«አባዬ» አለች።

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«አባዬ፣ ትሰማኛለህ?»

ሩበንን አሰብኩ። ሃምሳ አለቃውን፣ የተሰለፉትን ጫማዎች አሰብኩ። ሦስተኛውን ከመጥራቷ በፊት መመለስ ነበረብኝ፤ ስልኩን ወደ አፌ እስክመልስ ቀደመችኝ።

«አባዬ» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፣ ፈርታ።

«አለሁ» አልኳት።